በግፊ የምትነሳው መኪና

ባሌ ሀብቶም በሞተ በሁለተኛው ወር የመኪናዋን ካንዴሌታ ለማስቀየር ወሰንኩ። ለመኪናዋ አዝኜላት አይደለም። ጎረቤቶቼ በየጠዋቱ እየገፉ እንዲያስነሱልኝ ስላልፈለግኩ ነው።

እኛ ያለንበት ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጠዋት መኪና መግፋት ወግ ሆኗል። ያቺ አሮጌ ናፍጣ ደብል ጋቢና ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ብርድ ላይ አድራ በቁልፍ ተነስታ አታውቅም። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ነጭ ጭስ ትተፋለች፣ አለቀ። ይሄኔ ጋሼ ወልደአማኑኤል ክራባታቸውን እያሰሩ ከፎቅ ይወርዳሉ፣ ሱፍያን ሱቁን ጥሎ ይወጣል፣ ታክሲ ሊይዝ የሚሄደው ሁሉ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይገፋል። ሀብቶም ማርሽ ሁለት አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቀው ትነሳለች። እኔ ጎኑ ተቀምጬ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር።

እሱ ሲሞት መሪውን እኔ ያዝኩ። መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ ስለሆነ በታክሲም ይደረሳል። ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም፤ የሚያውቀኝ ሰው ደግሞ ከንፈሩን ይመጥልኛል። መኪና ውስጥ ቢያንስ መስታወት አለ። ችግሩ እስክትነሳ ነው። ገፍተው ሲያበቁ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ይላሉ።

"በረታሽ ልጄ?" ይሉኛል ጋሼ ወልደአማኑኤል።

"ደህና ነኝ።"

"አልቅሺ እንጂ። ሆድሽ ውስጥ አታስቀምጪው።"

አላለቀስኩም። ቀብሩ ላይም፣ ድንኳን ውስጥም፣ በአርባውም አላለቀስኩም። ሴቶቹ ጆሮዬ ሥር "ይውጣልሽ" ሲሉኝ የሚወጣ ነገር ፈልጌ አጣሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ። ጥርስ ሊነቅሉ ሲሉ በመርፌ የደነዘዘ መንጋጋ አለ አይደል? እንደዚያ ነኝ። ይህንን በየጠዋቱ በመስኮት ማስረዳት ሰለቸኝ።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሀብቶምን መካኒክ ገብረየሱስን ጠራሁት። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚሠራ፣ ለቅሶም የደረሰ ሰው ነው።

"ባትሪ ይሆናል" አልኩት።

"ባትሪ ቢሆን ሞተሪኖው እንዲህ አይዞርም" አለና ኮፈኑን ከፈተ። "ናፍጣ እንደ ቤንዚን በብልጭታ አይነሳም። በርዶ ካደረ መጀመሪያ መሞቅ አለበት። የሚያሞቁት እነዚህ ናቸው።"

አራት ካንዴሌታዎች ተሰልፈው ጭንቅላታቸው ብቻ ይታያል። አራቱን የሚያገናኘውን ቀጭን ብረት ፈታና ትንሽ መብራት ያለችበትን የመፈተሻ ቴስተር ሽቦ ከባትሪው ጋር አያይዞ በጫፉ አንድ በአንድ ነካቸው። መብራቷ ከበራች ደህና ነው፤ ካልበራች አብቅቶለታል። የመጀመሪያው ላይ አልበራችም። ሁለተኛውም ላይ አልበራችም። ሦስተኛው ላይ በራች። አራተኛው ላይ ጭራሽ።

"ሦስቱ ሞተዋል" አለኝ። ወዲያው ቃሉ ቆረቆረውና "ማለቴ፣ ተቃጥለዋል" አለ።

"ሞተዋል በል። ምንም አይመስለኝም" አልኩት። እውነቴን ነበር።

ፀሐይ ስለነበረች መኪናዋ በስንት ልምምጥ ተነሳችለት፤ ከመፍታቱ በፊት ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቀ። ካንዴሌታውን በቀዝቃዛው ሲታገሉት አንገቱ ይቆረጥና ግማሹ ሞተር ውስጥ ይቀራል አሉ። ከዚያ አጥፍቷት ዘይት አንጠባጠበባቸው፣ መፍቻውን ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ እያለ፣ እያባበለ አወጣቸው። የተቃጠሉት ጫፋቸው አብጦ ጠቁሯል። የበራውንም ሊፈታ ሲል አላስቻለኝም።

"እሱ እኮ ይሠራል።"

"አብሯቸው የኖረ ነው። ዛሬ ብተወው ነገ ይከተላቸዋል።"

"አንተ ደግሞ ሟርትህን ተው!"

ሳቀ። አራቱንም አዲስ አስገባ፤ መጀመሪያ በጣቱ አሽከረከረ፣ ኋላ በመፍቻ ጠበቅ አደረገ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳለ ከአፉ አመለጠው።

"ሀብቶም ቢኖር ይቆጣኝ ነበር።"

"ለምን?"

"መቃጠላቸውን ያኔውኑ ነግሬው ነበር። ልቀይርልህ ስለው ተዋቸው አለኝ። 'በቁልፍ ከተነሳች ማን ደህና አደርክ ሊለኝ ነው?' አለኝ። የዚያን ጊዜ ነገር ታውቂው የለ።"

አውቀዋለሁ። ጊዜው ከፍቶ፣ ሰው ስማችንን ሲሰማ ድምፁን የሚቀንስበት ዓመት ነበር። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሁሉም ስልኩን ያያል። መኪናዋ በግፊ መነሳት የጀመረችው ያን ዓመት ነው። ሀብቶም መጀመሪያ ሱፍያንን ጠራው፤ በሌላው ቀን ጋሼ ወልደአማኑኤልን ጠራቸው። መኪናህን የገፋ ሰው በነጋታው ደረጃ ላይ ሲያገኝህ ዝም ብሎ አያልፍህም፤ ሌላው ቢቀር "ዛሬስ ተነሳች?" ይልሃል። ባሌ በተቃጠለ ካንዴሌታ ሕንፃውን በሙሉ ሰላም አስብሏል። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለም። ጎኑ ተቀምጬ በሐፍረት ስቅለሰለስ እያየኝ ማርሹን ያስገባል። ተናደድኩበት። ከሞተ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ንዴት ነው፤ እሱም ሳይቆይ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ቁልፉን በከፊል አዙሬ የማሞቂያዋ ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ጠበቅኩ፤ ከዚያ ጨርሼ አዞርኩት። ተነሳች። ጋሼ ወልደአማኑኤል ሊገፉ ወርደው ደረጃው ሥር ደርሰው ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ቆሙ፣ "ተመስገን!" አሉና ወደ ታክሲው ሄዱ። ሱፍያን ከሱቁ እጁን አወዛወዘልኝ። ማንም ወደ መስኮቱ አልመጣም። የፈለግኩት ይኸው ነበር።

በማግስቱ እጅ ማወዛወዙም ቀረ። ረቡዕ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ "ደህና አደሩ?" ሲለኝ ድምፄ ሰልሎ አልወጣ አለኝ። ማታ ቤት ገብቼ በሬን ከዘጋሁ ጀምሮ ማንንም አላናገርኩም፣ ማንም አላናገረኝም።

ሐሙስ መኪናዋን አስነሳሁና መሄድ አቃተኝ። ሞተሩ ሞቀ፣ ጭሱ ጠፋ፣ እኔ መሪውን እንደያዝኩ ነኝ። ሰው በጎኔ ያልፋል፤ ለተነሳ መኪና ማን ይቆማል? ጋሼ ወልደአማኑኤል በግቢው በር ሲወጡ አየኋቸው። ሞተሩን ሳላጠፋ፣ በሩን ሳልዘጋ ተከትያቸው ሮጥኩ።

"ጋሼ! ጋሼ!"

ዞሩ። "ምነው ልጄ፣ እምቢ አለች?" አሉና ሊገፉ መለስ አሉ።

"ተነስታለች።"

"ታዲያ ምን ሆንሽ?"

"ሀብቶም ሞተብኝ" አልኳቸው።