የኔታ ያሉበት ፎቶግራፍ

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን ነው፣ ልጆቼ። የምሽጉ አዛዥ ካፒቴኑ ለጣሊያን በዓል ዘፈን አዘዘ። ሕዝብ እንዲመጣለትም የዘፋኞቹ ፎቶግራፍ ያለበት ትልቅ ሰሌዳ በገበያው መግቢያ ይሰቀል አለ። ሥራው ለጨርቅ ነጋዴው ለጠሃ ተሰጠ፤ ፎቶ ማንሳት አስመራ ተምሮ የመጣ እሱ ብቻ ነበርና።

ዘፋኟ ሸጋዬ ናት። እንቢ ብትል ቤቷ ይቃጠላል። ወንድሟ ባዬ ደግሞ ዱር ነው፣ ከአርበኞች ጋር። ማሲንቆ መቺውን ባሏን ዘሩን፣ «ድምፄን ይስሙት፤ ስሜን ግን አልሰጣቸውም» አለችው።

ባልና ሚስቱ ከጠሃ ሱቅ ደጃፍ በእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጡ። «እንዳትነቃነቁ!» አለ ጠሃ። ይሄኔ ካፒቴኑ መጥቶ ከፊታቸው ቆመ። ከመቀመጫቸው አልተነሡም፤ ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ሊነሣ ሲል ግን የቅኔ መምህሩ የኔታ ክንፈሚካኤል በትራቸውን ተመርኩዘው ብቅ አሉ። ባልና ሚስት ብድግ!

«ኖር፣ የኔታ!»

«በእግዜር! በእግዜር፣ ልጆቼ!»

«ኧረ አበላሻችሁብኝ! ቆማችሁ ወጣችሁ!» ጮኸ ጠሃ።

«የኔታ ቆመው እኔ ልቀመጥ? ምን ነካህ አያ ጠሃ!» አለች ሸጋዬ።

ጠሃ ስቆ የኔታንም ለብቻቸው አነሣቸው።

ፎቶዎቹ ታጥበው ሲመጡ ካፒቴኑ የቆሙበትን መረጠ፤ ለማን እንደተነሡ ፎቶው አይናገርማ። «ይኸ ይሁን፤ ለእኔ የተነሡበት» አለ በአስተርጓሚው፤ ሄደ።

ሸጋዬ ፎቶውን ከጠሃ እጅ ነጠቀች። «ለጣሊያን ተነሥታ እጅ ነሣች ሊባል ነው! ባዬ ምን ይላል? እናቴስ በምን ፊቷ ደጀ ሰላም ትቆማለች?»

«የተቀመጣችሁበትን ልለጥፈው?» አለ ጠሃ።

«መርጧል እኮ፤ አንተን ይገድልሃል።» ፎቶዎቹን አገላበጠችና የየኔታን አነሣች። «የተነሣንላቸው ሰው የሉበትማ! ከፊታችን አድርጋቸው። ያዘዘህን ለጥፈህ ጨመርህ እንጂ መች ቀነስህ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልታሰቅይኝ ነው!» አለ ጠሃ፤ እጁ ግን መቀሱን እየፈለገ ነበር።

የኔታን ሄዳ ጠየቀቻቸው። «እኔስ አርጅቻለሁ፤ ከፈለጉ ይሰሩኝ። ለጥፉ» አሏት።

መጀመሪያ ቆርጦ ሲለጥፋቸው የኔታ አንሰው እንደ ልጅ ታዩ። ጠሃ ፎቷቸውን ልጦ አነሣና አተልቆ አጠበው። አሁን ከሁለቱ በራስ በለጡ።

«አልበዛም?» አለ ዘሩ።

«አልበዛም» አለች ሸጋዬ።

በገበያው ቀን ሰሌዳው ተሰቀለ። ከጅጋ የመጣው፣ ከሽንዲ የመጣው፣ ሁሉም ሸቀጡን እንደተሸከመ ቆሞ ያያል። ካፒቴኑም መጣ።

«ሽማግሌው ማን ነው?»

ጠሃ ወደ ሸጋዬ ዞረ። ሸጋዬ ወደፊት ወጣች። «የተነሣንላቸው ናቸው» አለች፣ ገበያው እንዲሰማት አድርጋ።

አስተርጓሚው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ቢሆንም ተረጎመ። ካፒቴኑ ሰሌዳውን አየ፤ ዞር ብሎ ያን ሁሉ ሕዝብ አየ። ይቀደድ ቢል ማንም እንዳልተነሣለት ራሱ መናገሩ ነው። «ዘፈኑ ሲያልቅ ይውረድ» አለና በቅሎውን ኮረኮረ።

የሸጋዬ እናት እናኑ ሰው እየገፉ መጡ። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። 

«ቀሚስሽ ተጨማዷል» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ ከጎናቸው ወደቆመች፣ ወደማያውቋት በርበሬ ሻጭ ዞሩ።

«የኔ ልጅ ናት!» አሉ፤ ጆሮው የማይሰማ ሰው የሚያነጋግሩ ይመስል ጮክ ብለው። «ይቺ እዚያ የቆመችው፣ የኔ ልጅ ናት!»