ከቀኑ በፊት የተለቀመ ኮረሪማ

ጥቅምት ስድስት ቀን ጠዋት የሸዳ ደን በሦስት ገመድ ተዘግቶ ነበር፤ አንዱ በወፍጮው መንገድ፣ አንዱ በወንዙ መሻገሪያ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ። ደኑ ሦስት መቶ አሥር ሄክታር ነው። ኮረሪማውን የሚለቅሙት የማኅበሩ አባላት ስልሳ አራት ሴቶች ናቸው። ለቀማው የሚከፈተው ጥቅምት አሥራ ሁለት ስለሆነ ስድስት ቀን ይቀራል። የማኅበሩ ጥራት ተቆጣጣሪ እታገኝ ቆጭቶ በዋዜማው ከአራት ቦታ መቶ ፍሬ አይታ፣ ስልሳ ሁለቱ መቅላታቸውን፣ የቀሩት ገና አረንጓዴ መሆናቸውን በደብተሯ ጽፋለች።

"ተለቅሟል" አላት የደኑ ጠባቂ ጋሽ ሻዎ፣ በወፍጮው መንገድ ያለውን ገመድ ዝቅ አድርጎ እያሳለፋት።

"ስንት?"

"እኔ ምኑን አውቄ? ቆጣሪዋ አንቺ።"

ይህን ሲባባሉ ከማኅበሩ አባላት አንዷ የሆነችው መሠሉ በቆሎዋን በጀርባዋ አዝላ ወደ ወፍጮ ቤት እያለፈች ነበር። ቆም አለች፤ ገመዱን አየች፤ ሁለቱን አየች። በመጣችበት ተመለሰች። ጋሽ ሻዎ ከኋላዋ እያየ ራሱን ነቀነቀ። በቆሎዋን ሳታስፈጭ የተመለሰችው ወሬውን ለሴቶቹ ለማድረስ እንደሆነ ሁለቱም ገብቷቸዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት በሸዳ ቀን የሚባል ነገር አልነበረም። ሴቶቹ ከነሐሴ ጀምሮ ይገቡና አረንጓዴውን ፍሬ ከሥሩ እየገነጠሉ ያወጡ ነበር። ያልበሰለ ኮረሪማ ሲደርቅ እንደሚጨማደድና ሽታ እንደማይኖረው ያላወቀች አልነበረችም። ግን እያንዳንዷ "እኔ ብተወው ጎረቤቴ ትወስደዋለች" ትላለች፤ ጎረቤቷም ያንኑ ትላለች። ነጋዴው ጭድ የሚገዛ ይመስል በግዴለሽነት ይሰፍረው ነበር። ባሎቻቸው ደግሞ የማያበላ ደን በቆሎ ቢዘራበት ይሻላል ይሉ ጀመር። ከወንዙ ማዶ ያለው ደን የሄደው በዚህ ዓይነት ነው። ዛሬ እዚያ በቆሎ አለ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ወንዙ ቀይ ሆኖ ይወርዳል፤ ከማዶ ይሰማ የነበረው የጉሬዛ ጩኸት ከቀረ ቆይቷል።

የሸዳ ሴቶች ማኅበር ያቋቋሙት ይህን አይተው ነው። አንድ ቀን ቆረጡ፤ ከዚያ ቀን በፊት ማንም እንዳትገባ ተማማሉ። ቦንጋ ያለው ገዢ ቀዩን ፍሬ ብቻ በእጥፍ ሊወስድ ተስማማ። ቀበሌውም ማኅበሩ እስከጠበቀው ድረስ ደኑ እንዳይነካ ፈረመ። የመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ ሰባት አጭር ነው፦ ከቀኑ በፊት የገባች አባል የዚያን ዓመት ለቀማ ታጣለች። ይህን አንቀጽ በእጇ የጻፈችው እታገኝ ናት።

እታገኝ የተለቀመውን ቦታ ሳታየው ከማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ጫጫታ ተሰማ። ወደዚያ ስትወርድ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ቆመዋል። መሠሉ ከፊት ናት።

"እኛ ገመድ ስናሳምር ሌላው ይለቅማል" አለች መሠሉ። "ገመዱ የታሰረው ለካ ለሞኞች ነው።"

የማኅበሩ ሊቀ መንበር እትዬ ብርቄ በበርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሰፊ፣ የማትቸኩል ሴት ናት። እታገኝን አየቻትና ምን ይሻላል እንደማለት እጇን ዘረጋች። ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፦ አንዷ ገብታ ከሆነ ነገ አሥር ይገባሉ፤ ነገ አሥር ከሚገቡ ዛሬ ሁላችን እንግባ። እታገኝ ነገሩ ከንቱ እንዳልሆነ ታውቃለች። ሦስት ዓመት ያቆማቸው ገመዱ ሳይሆን ሌላዋም ቆማለች የሚለው እምነት ነው። እሱ ከሄደ ለስድስት ቀን ቀርቶ ለስድስት ሰዓት የሚጠብቅ አይገኝም።

"እስከ ቀትር ስጡኝ" አለች። "ማን እንደገባች አውቄ እመጣለሁ።"

"ካላወቅሽስ?" አለች መሠሉ።

"ካላወቅሁ ገመዱን ራሴ እፈታዋለሁ።"

ጋሽ ሻዎ ከወፍጮው መንገድ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ ካለው ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ሥር ወሰዳት። ኮረሪማው እዚያ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ፍሬው ግን የሚይዘው ከሥሩ፣ ከመሬቱ አጠገብ ስለሆነ ለማየት መንበርከክ ያስፈልጋል። እታገኝ ተንበረከከች። ከአንዱ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው በጉልበቷ እየሄደች ቆጠረች። አርባ አንድ ፍሬ ተወስዷል። አረንጓዴዎቹ በሙሉ በቦታቸው አሉ፤ የሄደው ቀዩ ብቻ ነው። አቆራረጡም የጥድፊያ አይደለም፤ ሥሩ አልተነቀለም፤ አንጓው በስለት ለስልሶ ተቆርጧል። ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ሁለት ሁለት የቀላ ፍሬ ሆን ተብሎ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ለቃሚዋ ገልጣው የነበረውን የረገፈ ቅጠል መልሳ በሥሩ ላይ አልብሳዋለች።

እታገኝ አንዱን የቅጠል ልባስ በጣቷ ገለጠችና መልሳ አለበሰችው። 

"አወቅሻት?" አለ ጋሽ ሻዎ።

"አንተም አውቀሃታል።"

"እኔ የማውቀው ዛፍ ነው" አለና ፊቱን ወደ ቀረሮው አዞረ።

አንዱን ለጦጣ፣ አንዱን ለመሬት ብሎ ሁለት ፍሬ መተው የድሮ ሰው ልማድ ነው። አሁን የሚያደርገው ጥቂት ነው። ቅጠሉን መልሶ የሚያለብስ ግን በሸዳ እታገኝ የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት በሙሽርነቷ ለቀማ ያስተማሯት፣ የባሏ የአዴሎ እናት።

እማማ አስካለች ከጓሮ ተቀምጠው ለቆጮ እንሰት ይፍቁ ነበር። ምራታቸው ስትገባ ቀና አላሉም። እታገኝም ሰላም ብላ ከጎናቸው ቁጢጥ አለች። 

"ቁርስ በልተሻል?" አሉ እማማ አስካለች።

"አልበላሁም። እማማ፣ ከቀረሮው ሥር አርባ አንድ ፍሬ ተለቅሟል።"

"አርባ ሦስት ነው። ሁለቱን ቅጠሉ ሸፍኖብሻል።"

 እታገኝ ይክዱኛል ብላ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

"ለምን? ስድስት ቀን ብቻ እኮ ነው የቀረው።"

አሮጊቷ መፋቂያውን አስቀመጡ። "ባለፈው ዓመት ስንት ኪሎ አመጣሁ?"

"አላስታውስም።"

"የመዘንሽው አንቺ፣ የጻፍሽው አንቺ። ጽፈሽዋል፤ አላነበብሽውም።" ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቃላቸው እንደ ሥራቸው ነው፣ አይቸኩልም። "ገመዱ ሲፈታ መሠሉና እኩዮቿ እንደ ሚዳቋ ይሮጣሉ። እኔ ቀረሮው ሥር ስደርስ ቀረሮው ብቻ ነው የሚጠብቀኝ። ድሮ ቀን ሳይቆረጥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እለቅም ነበር። ጨውና ሳሙናዬን ከልጄ ኪስ ለምኜ አላውቅም። ዘንድሮም አልለምንም።"

"ለእኔ አይነግሩኝም?"

"ለሕግ ጻፊ ምን ይነገራል? ሕጉ ጥሩ ነው ትያለሽ፤ ጥሩ ነው። ደኑን አድኖታል። እኔን ነው ያልቆጠረኝ።"

እታገኝ ተነስታ ወደ መጋዘኑ ሄደች። በጓሮ በር ገብታ የሦስቱን ዓመት የሚዛን ደብተሮች አወረደች። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆኑ አባላት ዘጠኝ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ዘጠኙ በአምስት ሳምንት ለቀማ በድምሩ ስልሳ አንድ ኪሎ አምጥተዋል፤ በሁለተኛው ሠላሳ ስምንት፤ ባለፈው ዓመት አሥራ ዘጠኝ። እማማ አስካለች ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም። መሠሉ ብቻዋን ሠላሳ አራት ኪሎ። ቁጥሮቹ በሙሉ በራሷ ጥንቁቅ ጽሕፈት የሰፈሩ ናቸው። እንድትጠብቅ የተሰጣትን ፍሬ መቶ በመቶ ስትመረምር ሦስት ዓመት ቆይታ፣ ማን እንደሚለቅመው አንድም ጊዜ አልደመረችም። ደብተሮቹን ዘግታ በብብቷ ይዛ ወጣች።

ባሏ አዴሎ የእናቱን ነገር ሰምቶ በር ላይ ጠበቃት። ጦጣ ነው በይ አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ጦጣ ኮረሪማ ይበላ የለም ወይ፣ ማን ይጠይቅሻል። እታገኝ ጦጣ በቢላ አይቆርጥም ብላው አለፈች።

ቀትር ላይ ከደጃፉ ስልሳ የሚሆኑ ሴቶች ነበሩ። እማማ አስካለችም መጥተው ከዳር፣ ሌሎቹ አሮጊቶች በተቀመጡበት ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። በነጠላቸው የተቋጠረ ነገር ከእግራቸው ሥር አለ። እታገኝ ቆመች። ደብተሮቹን በሁለት እጇ ይዛለች።

"የገቡት የባሌ እናት ናቸው" አለች። "አርባ ሦስት ፍሬ ለቅመዋል። ሁሉም የቀላ ነው፤ አንድ ሥር አልተነቀለም። ደኑን አልጎዱም። የጎዱት ቀኑን ነው።"

  እትዬ ብርቄ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እማማ አስካለች የሁላችንም እናት ናቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በምክር ይታለፉ አለች። ብዙ ሴቶች በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይታለፍም" አለች እታገኝ። "አንቀጽ ሰባት ለእኔ ቤት ሲሆን የሚጠፋ ከሆነ ከነገ ጀምሮ የለም። ዘንድሮ አይለቅሙም። ይጻፍ።"

ሴቶቹ ዞር ብለው አሮጊቷን አዩ። እማማ አስካለች ቋጠሮውን በእግራቸው ወደፊት ገፋ አደረጉት።

"ጻፊው" አሉ። "ቃሌን የበላሁት እኔ ነኝ። ፍሬው ይኸው፤ የማኅበሩ ነው።"

ከዚያ እታገኝ ሁለተኛውን ነገር ተናገረች፤ ይህኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበዳት። የዘጠኙን አሮጊቶች የሦስት ዓመት ሚዛን አንድ በአንድ፣ ከጎኑም የመሠሉን ሠላሳ አራት ኪሎ አነበበች። ጥፋቱ ጽፎ አለማንበብ ነው፣ የእኔ ነው አለች። ገመዱ የሚፈታበት የመጀመሪያው ቀን ከስልሳ ዓመት በላይ ለሆኑት ብቻ ይሁን፤ ሌላው በማግስቱ ይግባ።

ጉርምርምታ ተነሣ። አንድ ቀን ሙሉ ማለት ከቅርቡ ያለው ቀይ ፍሬ ሁሉ ማለት ነው። ዓይኖች ወደ መሠሉ ሄዱ፤ በዚህ የምትጎዳው ከሁሉ በፊት እሷ ናት። መሠሉ ቅርጫቷን ከክንዷ ወደ መሬት አወረደች።

"ሠላሳ አራት ኪሎዬን በሰው ፊት ማንበብሽ ነው ያናደደኝ" አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ወደ ግንዱ ሄዳ ከእማማ አስካለች ፊት ቆመች። "እማማ፣ ከቀረሮው ሥር ያለውን ጋሽ ሻዎ ወስዶ አሳይቶኛል። ሰባት ዓመት ስለቅም ሥሩን መልሼ አልብሼ አላውቅም። ማንም አላሳየኝማ።"

"እየሮጥሽ በየት አይተሽው" አሉ አሮጊቷ።

አሁን ሁሉም ሳቀ። መሠሉ ወደ ሴቶቹ ዞረች። አንዱን ቀን ለአሮጊቶቹ እሰጣለሁ አለች፤ ግን እማማ አስካለች ሁለቱንም ቀን ባዶ እጃቸውን ይግቡና አቆራረጡን ያሳዩ፤ እኛም በማግስቱ እሳቸው እንደሚያሳዩት እንቁረጥ። ቅርጫት አይያዙ እንጂ መግባት አልተከለከለም። እትዬ ብርቄ አንቀጽ ሰባትን ሁለት ጊዜ አስነበበች። ለቀማ ታጣለች ይላል፤ ደን ታጣለች አይልም። እጅ ይነሣ ተባለ። እታገኝ የተነሡትን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ ሃምሳ አንድ ነበሩ። ከአንቀጽ ሰባት ሥር አንቀጽ ስምንት ብላ ጻፈች። በቅጣት መዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይም የአማቷን ስም ከነአባታቸው አሰፈረች፤ ገጹ እስከዚያ ቀን ባዶ ነበር።

ጥቅምት አሥራ ሁለት ንጋት ላይ ጤዛው ገና ሳይደርቅ ጋሽ ሻዎ የወፍጮውን መንገድ ገመድ ፈታ። ስምንት ሴቶች ቅርጫት ይዘው፣ አንዷ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ከፊት እየመሩ፣ ማንም ሳይቸኩል ገቡ። የቀሩት ሃምሳ አምስት አባላት ቀኑን ሙሉ ከገመዱ ወዲህ ነበሩ፤ የተሻገረች የለችም። ማታ በተደረገው ሚዛን ስምንቱ ያወጡት ሃምሳ ሰባት ኪሎ ተኩል ሆነ፤ ባለፈው ዓመት ሙሉ ዘጠኙ ካመጡት ሦስት እጥፍ።