ሰኞ እፈርማለሁ

ኦዜያስ ዓርብ ዕለት ብዕሩን ተቀብሎ ፈርሞ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣበት ነበር። ግን ምን ይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ሪዮ ውስጥ ቁም ነገር የሚሠራ ሰው አልነበረም። ሁሉ ነገር ለሰኞ ተቀጥሯል። ክርስትና ለሰኞ፣ ቀለበት ለሰኞ፣ የሱቅ ምረቃ ለሰኞ። ሪያሌንጎ ሰፈር ያለው ጥርስ ነቃይ እንኳ ወንበሩ ባዶውን ነበር፤ ሕመምተኞቹ ጉንጫቸውን በሻሽ እንዳሰሩ፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነን ብንነቀል ይሻላል እያሉ ተመልሰዋል።

እሑድ ብራዚል ከኡራጓይ ጋር ለዓለም ዋንጫ ትጫወታለች፤ አቻ ብትወጣ እንኳ ዋንጫው የእሷ ነው። ስዊድን ላይ ሰባት፣ ስፔን ላይ ስድስት አግብቶ የሸኘ ቡድን ለትንሿ ጎረቤቱ እጅ ይሰጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢገኝ ኖሮ ሰፈሩ ቄስ ይጠራለት ነበር። ጋዜጣ እንኳ ጨዋታው ሳይጀመር የተጫዋቾቹን ፎቶ ደርድሮ የዓለም ሻምፒዮኖች ብሏቸዋል። በጋዜጣ ያለቀን ነገር ማን ይጠራጠራል?

ስለዚህ የአውሮራ ክለብ ኃላፊ ዶክተር አንሴልሞ ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዕሩን ሲያቀብለው፣ ኦዜያስ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ከሳሙና ፋብሪካ ቡድን ወጥቶ የታላቅ ክለብ በረኛ ለመሆን ከልጅነቱ ጀምሮ ያለመው ሰው፣ ሕልሙ ፊቱ ተዘርግቶ ሳለ፣ ሰኞ እፈርማለሁ አለ። የሻምፒዮን አገር ሰው ሆኜ ብፈርም ገድ አለው አለ። ዶክተሩም አልተቆጣም። እሱ ራሱ የሴት ልጁን ቀለበት ለሰኞ ያዛወረ ሰው ነበር፤ እንዲያውም ጀርባውን መታ መታ አድርጎ ፎቶ አንሺ እንደሚጠራለት ነገረው።

ሚስቱ ኢቮኔቲ ግን ስትሰማ የያዘችውን ጭልፋ ባቄላው ድስት ውስጥ ለቀቀችው። እሷም እዚያው ፋብሪካ ሳሙና ስትጠቀልል የምትውል ናት፤ ከዚያ ወጥተው ከተማ መግባትን ከእሱ በላይ የምትመኝ እሷ ነበረች።

"ብዕሩ እሾህ ነበረው?" አለችው።

"ሦስት ቀን እኮ ነው የኔ እመቤት።"

"ሦስት ቀን! ጌታችን በሦስት ቀን ሞቶ ተነስቷል። አንተ ስምህን መጻፍ አቃተህ።"

የሻምፒዮን አገር በረኛ ሆኖ መፈረሙ ደስ ያለው ጋሽ ኦላቮ ብቻ ነበር። ጋሽ ኦላቮ የፋብሪካውን ቡድን የሚያሠለጥን፣ በወጣትነቱ በቀኝ ክንፍ ሲበር የኖረ፣ አሁን ግራ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ የሚያነክስ ጥቁር ሽማግሌ ነው። ስለ ብሔራዊ ቡድኑ ሲነሳ ማስቆም አይቻልም። ኳስ የሀብታም ልጆች ጨዋታ በነበረበት ዘመን ክለቦቹ ጥቁርን በአጥራቸውም አያሳልፉም ነበር ይላል። ጠየም ያለው ፊቱን የሩዝ ዱቄት ተቀብቶ ሜዳ ይገባል፤ ላቡ ዱቄቱን ሲያጥበው ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ይስቃል። የአገር ማሊያማ ጭራሽ የማይታሰብ ነበር። ከዚያ የወደቡና የፋብሪካው ልጆች በብዛት መጡ፤ የጥቁሩ፣ የክልሱ፣ የጣሊያን ስደተኛው ልጅ አንድ ነጭ ማሊያ ለበሱ፤ ቡድኑም የሚፈራ ቡድን የሆነው ያን ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ ያወራና መጨረሻው ሁልጊዜ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ በረኛ ይዞራል። እንደ ኦዜያስ ጥቁር ነው። ለማያምኑት ሰው የቤታቸውን በር አይሰጡም፣ ይላል ጋሽ ኦላቮ፣ ለእኛ ሰጥተውናል።

እሑድ ኦዜያስና ጋሽ ኦላቮ ስታዲየም ገቡ። ከጎሉ ኋላ ትንሽ ወደ ጎን፣ ለሜዳው ቅርብ የሆነው ሰው ቆሞ የሚያይበት ቦታ ላይ ተገፍተው ተገፍተው ተለጠፉ። ከእረፍት በኋላ ብራዚል አገባች። ጋሽ ኦላቮ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ወፍራም ፖሊስ አቅፎ ጉንጩን ሳመው፤ ፖሊሱም መልሶ ሳመው። ሰማዩ በርችት ጢስ ጠቆረ። ኦዜያስ በልቡ ፊርማውን እየጻፈ ነበር።

ከዚያ የኡራጓይ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች መስመሩን ይዞ ወረደ፤ ወደ መሃል አሻማ፤ ሌላው መጥቶ ጠለዛት። አቻ። አቻም ይበቃናል አሉ ሰዎች፤ ግን ድምፃቸው ቀጥኗል። ያው ተጫዋች በዚያው መስመር እንደገና ወረደ። በረኛው እንደ ቅድሙ ያሻማል ብሎ ከቅርቡ የጎል ቋሚ አንድ እርምጃ ወደ መሃል ወጣ። ሰውየው አላሻማም። በቋሚውና በበረኛው መካከል በቀረችው ቀዳዳ መታት፤ ገባች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኦዜያስ ለሰው ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም። ሁለት መቶ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ኡራጓዮቹ እርስ በርስ በስማቸው ሲጠራሩ ይሰማ ነበር። አጠገቡ የቆመው ሰው ርችት ሊለኩስ የጫረው ክብሪት ጣቱን እያቃጠለው ነው፤ አይጥለውም፤ ሜዳውን ብቻ ያያል። አንዲት ሴትዮ ሳታለቅስ እንዲሁ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ኦዜያስ አእምሮው ውስጥ የቀረች አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ ለምን ቋሚውን ለቀቀ? ሰው እንዴት ቋሚውን ይለቃል? በዚያች ሰዓት ያን በረኛ ቢያገኘው ያንቀው ነበር።

ፊሽካው ሲነፋም ሰው የሚሄድበትን አጣ። በመጨረሻ ባቡር ላይ ተጫኑ። እንደዚያ የታጨቀ፣ እንደዚያም ጸጥ ያለ ባቡር ኦዜያስ አይቶ አያውቅም። ከብዙ ጣቢያ በኋላ አንድ ሰው ለማንም ሳይሆን፣ "ያ ጥቁር ነው ያስበላን" አለ። ሌላው፣ "አዎ፣ ጥቁሩ ነው" አለ። ቃሉ ከወንበር ወደ ወንበር እየተሻገረ ሄደ፤ ሰዎቹም ደስ ባይላቸውም ትንሽ ቀለል እንዳላቸው ያስታውቅ ነበር። ጥፋተኛ ተገኝቷላ። ጋሽ ኦላቮ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ኦዜያስ ጫማውን ያያል።

ሰኞ ጠዋት የሰርጉን ሙሉ ልብስ ለብሶ ከተማ ወረደ። የተቀጠረው ነገር ሁሉ ቀርቶ ነበር። ሱቆች ተዘግተዋል፤ መንገዱ ላይ ማንም ያልጠረገው የባንዲራ ወረቀት ይንከባለላል። የአውሮራ ቢሮ ሲደርስ ፎቶ አንሺ የለም። ዶክተር አንሴልሞ ግን አለ፤ ጥቁር ከረባት አስሯል፤ ዓይኑ ቀልቷል። የልጁ ቀለበትም ቀርቷል፤ ሙሽራው አልጋ ላይ ወድቆ አልነሳም ብሏል። ውሉ ዓርብ ዕለት በነበረበት ቦታ ተዘርግቶ አየና ኦዜያስ ልቡ መለስ አለለት።

ዶክተሩ አስቀመጠው፤ ቡና አስመጣለት፤ የራሱን ሳይነካ ቆየና፣

"አንተ በረኛ ነህ" አለው። "እኔ ኳስ የማውቀው ከወንበር ላይ ነው። እውነቱን ንገረኝ። ሁለተኛዋ ጎል የበረኛው ጥፋት ናት?"

ኦዜያስ አልቸኮለም። አልሰጋም ማለት ግን አይደለም። ብዕሩን አየው። ጥፋቱ አይደለም ቢል ወገኑን ደገፈ ይባላል፤ ጥቁር ለጥቁር ይባላል። ትናንት ባቡሩ ላይ የሰማው ቃል እስካሁን ጆሮው ውስጥ ነበር። ከዚያ ሰው የተለየሁ ነኝ ማለት ነበረበት፤ ደግሞም ውሸት አይደለም፣ ትናንት በዓይኑ አይቶ በልቡ የተናደደው ነው።

"አዎ ዶክተር፣ የሱ ጥፋት ናት" አለ። "ቋሚውን መልቀቅ አልነበረበትም። እኔ ብሆን አድናት ነበር።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ዶክተሩ ከዚያ ውሉን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበና ለሁለት አጠፈው። ኦዜያስ ነገሩ አልገባውም፤ እንዲያውም ሌላ ንጹሕ ወረቀት ሊያወጣለት መስሎት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ማታ የክለቡ ሰዎች ተሰብስበው ነበር" አለ ዶክተሩ። "ከእንግዲህ በአውሮራ በር ጥቁር አይቆምም አሉ። በጭንቅ ቀን ልባቸው ይከዳቸዋል አሉ። እኔ ተከራከርኳቸው። አንድ የሚያውቅ ሰው፣ ማንም በረኛ ቢሆን አያድናትም ካለኝ፣ ይህን ይዤ እስከ መጨረሻው እሟገታለሁ ብዬ ወጣሁ።" ብዕሩን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰካው። "አሁን ምን ብዬ ልመለስ?"

"ዶክተር፣ እኔ እኮ ስለ ራሴ..."

"ስለ ሌላ ሰው የጠየቅኩህ መስሎህ ነበር?"

ኦዜያስ ጆሮው ጭው አለበት። ስታዲየሙ ዝም ሲል ከተሰማው ይልቅ የአሁኑ ባሰበት፤ የትናንቱን ከሁለት መቶ ሺህ ሰው ጋር ተካፍሎታል፣ ይህ የብቻው ነበር። እንዴት ከቢሮው እንደወጣ፣ እንዴት ባቡር እንደተሳፈረ አያስታውስም። ቡናውን ጠጥቶ ይሁን ትቶ እንኳ አያውቅም።

የፋብሪካው ሜዳ ሲደርስ ጋሽ ኦላቮ ብቻውን ኳስ በጨርቅ ይጠርጋል። ኢቮኔቲ የምሳ ዕረፍት ላይ ነበረችና ባሏን ከሩቅ አይታ እየሮጠች መጣች፤ ፊቱን ስታይ ግን ሩጫዋ በረደ። አልደበቃቸውም። የተጠየቀውንም የመለሰውንም አንድ በአንድ ነገራቸው። ስለ ጥቁር የተባለውን ሲናገር የማይረባ ሰው ሁሉ የፈረደበት መሰለው፤ የክለቡን ሰዎች ሰደባቸው። ጋሽ ኦላቮ አልሰደበም። እንደዚያ በዱቄቱ ወሬ ሲነድ የሚኖር ሰው ዛሬ ቀዝቅዞ ነበር።

"አድናት ነበር አልክ?" ብሎ ብቻ ጠየቀ።

"አዎ።"

"ግባ በሩ ውስጥ።"

"በሰርግ ልብሴ?"

"ግባ አልኩህ።"

ኮቱን ለኢቮኔቲ ሊሰጣት ሲል ሽማግሌው ከለከለው፤ እሷንም ከበሩ ፊት ወስዶ አቆማት። ኳስ ከመጣችልሽ ወደ ውስጥ ግፊያት አላት። እሱ ራሱ ኳሱን ይዞ በቀኝ በኩል ወደ መስመሩ እያነከሰ ሄደ። ኦዜያስ በልቡ ሳቀ። ይህ የማይታጠፍ ጉልበት ያለው ሽማግሌ! ቅርቡ ቋሚ ላይ ተለጥፎ ቆመ፤ ትናንት በልቡ ያን ሰው እንዳዘዘው ቆመ። ጋሽ ኦላቮ እየተጎተተ ወረደ፤ ቋሚው መዘጋቱን አየና ወደ መሃል አሻማ። ኳሷ ኢቮኔቲ እግር ሥር አረፈች፤ እሷም በነጠላ ጫማዋ ገፋ አድርጋ ባዶው በር ውስጥ ከተተቻት። ሳቀች።

"ይህቺ የትናንቷ የመጀመሪያዋ ጎል ናት" አለ ጋሽ ኦላቮ። "እንድገም።"

እንደገና ወረደ። ኦዜያስ ዓይኑ አንዴ ወደ ሽማግሌው፣ አንዴ ወደ ሚስቱ ይላል። እንዳታገባበት ፈራ። ለራሱ አልንቀሳቀስም ብሎ ነበር፤ ቋሚውን አልለቅም ብሎ ምሎ ነበር። ሽማግሌው እግሩን ሲያነሳ ሰውነቱ ሳያማክረው ወደ ኢቮኔቲ አንድ እርምጃ ወጣ። ኳሷ እንኳን ልትበር፣ እየተንከባለለች ነው የመጣችው። በእሱና በቋሚው መካከል አለፈች። በሙሉ ልብሱ አቧራው ላይ ተዘረረ፤ ጣቱም አልነካት።

ኢቮኔቲ ልትስቅ ጀምራ ፊቱን ስታይ ተወችው። ኦዜያስ ከተዘረጋበት አልተነሳም። ትናንት ባገኘው አንቀው ነበር ያለው ሰው፣ ጠዋት አድናት ነበር ብሎ የፈረደበት ሰው፣ አሁን እሱ በተኛበት አቧራ ላይ ተኝቶ ታየው። እንባው መጣ፤ አላፈረበትም።

"ማንም አያድናትም ነበር" አለ።

"አያድናትም" አለ ጋሽ ኦላቮ። "እኔ ትናንትናውኑ፣ ኳሷ ስትገባ አውቄዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው አልተናገርክ? ባቡሩ ላይ ያን ሁሉ ሲሉ ምነው ዝም አልክ?"

ጋሽ ኦላቮ የሚያመውን ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ።

"ብናገርስ ማን ይሰማኛል? ስልሳ ዓመቴ ነው ልጄ፤ አንድም ዶክተር አንተ ምን ትላለህ ብሎኝ አያውቅም። የተጠየቅከው አንተ ነህ።"

የፋብሪካው የሥራ መግቢያ ፊሽካ ተነፋ። ኢቮኔቲ ኳሷን ከጎሉ ኋላ ካለው ቦይ አውጥታ፣ ለማንኛቸው እንደምትሰጥ ግራ ገብቷት፣ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች።