ዘበኛው የማያውቀው ሠራተኛ

«አሁንስ ገባ?» አለ ባንቴ፣ በሱሪያ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ።

«ገብቶ ነበር። ዘበኛው መልሶ ዋጠው» አለች ሱሪያ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ዘበኛ የምትለው ባለፈው ቅዳሜ ራሷ የጫነችውን ጸረ-ቫይረስ ነው። የዋጠው ደግሞ የጭነት አስተላላፊ ቢሮው የሚተዳደርበትን ፕሮግራም፣ የጭነት መውጫ ወረቀት የሚያዘጋጀውን። ከጠዋት ጀምሮ ከሲዲው ላይ እየገለበጠች ትመልሰዋለች፤ ዘበኛው ገና እግሩን ሳያስገባ ይለቅመዋል። ያለዚያ ወረቀት ደግሞ አንድም መኪና ከወደቡ በር አይወጣም። ቀኑ ሐሙስ ነው። የበሩ መስኮት ሰባት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ የቀኑ ጫት ከደረሰ በኋላ ማኅተም የሚመታ እጅ የለም፤ ነገ ዓርብ ዕረፍት ስለሆነም እስከ ቅዳሜ አይገኝም። አሁን አራት ተኩል ሆኗል።

ባንቴ ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር ያውቃል። ጠዋት ከሃያብለ ሰፈር መጥቶ ቢሮውን የከፈተው እሱ ነው። ኮምፒውተሩን ሲያበራ ስክሪኑ ላይ ቀይ ሳጥን ብቅ አለ፤ ጽሑፉ ፈረንሳይኛ፣ ከሥሩ ሁለት ቁልፍ። ባንቴ ፈረንሳይኛ ማንበብ አይችልም። ሾፌር ሳለ በጋላፊ የድንበር መንገድ ላይ እግሩ ተሰብሮ መሪ መጨበጥ ያቆመ ጊዜ፣ እዚህ «እችላለሁ» ብሎ ነው የተቀጠረው። ስድስት ዓመት በግምት ኖረ። ዛሬም ገምቶ የቀኙን ተጫነ። ሳጥኑ ጠፋ፤ ፕሮግራሙም አብሮ።

የቢሮው ባለቤት ኒዛር ላቡን እየጠረገ ገባ። የሐረር ነጋዴ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ከባንቴ አሥራ አምስት ዓመት ያንሳል፣ ግን «አንተ» ይለዋል። ባንቴ ይህን አንድም ቀን ረስቶለት አያውቅም።

«አንተ፣ አሁንም ተገትረሃል? ሱሪያ፣ ያንን ዘበኛሽን አውጥተሽ ጣዪውና ሥራችንን እንሥራ!»

«እሱን ካባረርኩት ሾፌሮችህ ዘፈን ሊያስገለብጡ በሚያመጡት ፍላሽ ያለው ተባይ ሁሉ ዘው ይላል። ባለፈው ወር ሦስት ቀን ሥራ የፈታችሁት በምን ሆነና?»

በሩ ላይ የቆመው ሾፌር ይሄይስ ሳቀ። ለድሬዳዋ የሚሄድ መድኃኒት ጭኖ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ነው የመጣው። «የኔ ፍላሽ ንጹሕ ነው እህቴ፤ ትዝታ ብቻ ነው ያለበት።»

«ከትዝታህ ሥር አሥራ አራት ቫይረስ ለቅሜያለሁ፣ ወንድሜ።»

ኒዛር ግን አልሳቀም። «ያስቆመን ያንቺ ዕቃ ነው። ይህ መኪና ዛሬ ካልወጣ ውላችን አበቃ። ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ለምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝም እናገራለሁ።»

ሱሪያ ቦርሳዋን አንግታ ከሱቅ ሱቅ፣ ከቢሮ ቢሮ እየዞረች የምትኖር ልጅ ናት። ያላት ሀብት መልካም ስሟ ብቻ ነው። ዘበኛው የቀኑን ውሎ የሚመዘግብበትን ገጽ ከፈተች። ባንቴ ፊደሉን ባያነብም ቁጥሩን አነበበ፤ 7:08። ጠዋት አንድ ሰዓት ከስምንት፤ እሱ ብቻውን ቢሮ የነበረበት ሰዓት። ልጅቱ ዞር ብላ ወገቡ ላይ የተንጠለጠለውን የቢሮ ቁልፍ አየች፤ ከዚያ ፊቱን አየች። ገጹን ዘጋችው።

«ምን አድርጎት ነው እንዲህ የሚጠላው?» አለ ባንቴ።

«አይጠላውም ጋሽ ባንቴ፤ አያውቀውም እንጂ። የትልልቆቹ ኩባንያዎች ፕሮግራም የሠሪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ፊርማ ይዞ ይመጣል። ይህን የሠራው የቀድሞው የቢሮው ጸሐፊ ከሊፋ ግን በራሱ የተማረ ነበር አይደል? ፊርማ የሚሰጠው የለም። ፕሮግራሙ ደግሞ ሲነሳ ከታሸገበት ራሱን እየፈታ ነው፤ ቫይረስም እንደዚያው ያደርጋል። እንዴት ይለያቸው?»

ነገሩ ባንቴን ነካው። ስንት በር ላይ ነው «ወረቀትህስ?» ተብሎ የተመለሰው! መኪና ፈትቶ የሚገጥም ሰው፣ ከሰባተኛ ክፍል በላይ አልተማረም ተብሎ! ለፕሮግራሙ ወገነ። ልጅቱ ግን ለማንም አልወገነችም። ሲዲውን አውጥታ በራሷ ላፕቶፕ ላይ በሌሎች ሁለት ዘበኞች አስፈተሸችው። ንጹሕ መሆኑን በዓይኗ ካላየች አላስገባም አለች። ካየች በኋላ ፕሮግራሙን መለሰችና ዘበኛው ላይ ለዚያች ለአንዲት ፋይል ብቻ ፈቃድ ጻፈች።

«ሁሉንም ፍቀጂለትና እንገላገል!» አለ ኒዛር።

«ለአንድ እንግዳ ብለህ የግቢህን በር ገንጥለህ ታድራለህ?»

ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ወረቀቱን ወደ ማተሚያው ሲልክ ግን ዘበኛው እንደገና ያዘው። ይሄይስ ራሱን ያዘ። እሷ አልተቆጣች፣ አልተጣደፈች። የተያዘውን አነበበች፣ ለምን እንደተያዘ አየች፣ ያንን ብቻ ለቀቀች፤ ሞከረች። ሌላ ተያዘ፤ አነበበች፣ ለቀቀች። ባንቴ ብዙ ሙያተኛ አይቷል፤ የሚኮራ፣ የሚሳደብ፣ ያወቀውን የሚደብቅ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ግን አላየም። ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ማተሚያው አጓራ። ይሄይስ ወረቀቱን ሳመው፤ ሮጠ።

«ዘበኛውን ለሠራው ኩባንያም በስህተት እንደያዘው ጽፌያለሁ» አለች ሱሪያ፣ ገመዷን እየጠቀለለች። «በሚቀጥለው ያውቀዋል።»

«በሚቀጥለው ሌላ ሰው ነው የምጠራው» አለ ኒዛር። «ሳይጠይቅ ሥራዬን የሚያጠፋ ዕቃ ያስገባች ልጅ አልፈልግም።»

ሱሪያ ቦርሳዋን ዘጋች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ትድናለች፤ አልተነፈሰችም። ባንቴ ጠበቃት። ብትናገርበት ኖሮ ከሌሎቹ ቂሞቹ ጋር ደርቧት በሰላም ይኖር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ገመናውን ያየ ሁሉ አውጥቶበታል፤ ይህችኛዋ ደግሞ እንጀራዋን አጥታ ዝም ብላ ልትወጣ ነው።

«አቶ ኒዛር» አለ። «ዕቃው ጠይቆ ነበር። ጠዋት የመለስኩለት እኔ ነኝ።»

«ምን ብሎ ጠየቀህ?»

ባንቴ መጀመሪያ ልጅቱን፣ ከዚያ ኒዛርን አየ።

«እኔ እንጃ» አለ። «ፈረንሳይኛ ማንበብ አልችልም።»