የሦስት ሰዓት መንገድ

ባለተሳቢው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ነድቷል። ስለ መንገድ ለእሱ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

የልጁ ትኬት ግን ራሱን አዞረው። ሩቅ ከተማ አግብታ የምትኖረው አንድያ ልጁ ነገ እመጣለሁ ብላ የትኬቷን ፎቶ በስልኩ ልካለታለች። መነሻ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ መድረሻ በዚያው ቀን ሰባት ሰዓት። ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፤ ሦስት ሰዓት። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ሦስት። መመለሻው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፤ በጠዋት ተነስታ በማግስቱ ሌሊት ነው የምትገባው።

«መንገዱ አንድ፤ ሲመጣ ሦስት፣ ሲመለስ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት እንዴት ይሆናል?» አላት እህቱን። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የምትይዝለት እሷ ናት።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ነጂው አንተ» አለች ሽንኩርቷን እየላጠች።

«ሲመለስ ጭነት ይዞ ዳገት እየወጣ ይሆናላ» አለ፤ ራሱም አላመነውም።

መመለሻውስ ይቅር፤ ያንገበገበው መምጫው ነው። አምና እናቷ ስትሞት ልጅቱ ለቀብር አልመጣችም። ለቀስተኛው «ልጅህስ?» ባለው ቁጥር «የዓለም ዳርቻ ናት፣ ምን ታድርግ» እያለ ዓመቱን ሙሉ ሲከላከልላት ከረመ። ለካ ሦስት ሰዓት ኖሯል! ሦስት ሰዓት እኮ ለእሱ ምሳ በልቶ የሚመለስበት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሳትሳፈር ሊደርስባት ስልኩን አነሳ። «ለእናትሽ ያልመጣሽ ለእኔም ቅሪ» ሊላት ቆርጧል።

«ተው ወንድምዓለም፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለች እህቱ።

ስልኳ ዝግ ነው። ደጋግሞ ሞከረና ለባሏ ደወለ።

«አየር ላይ ናት እኮ አባባ» አለ አማቹ። «ከተነሳች ስድስት ሰዓት ሞላት።»

«መነሻዋ አራት ሰዓት አይደል እንዴ? አሁን ገና ሁለት ሰዓት ነው።»

«አራት ሰዓት በእኛ ነዋ። እዚህ እኮ አሁን ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። ትኬቱ መነሻውን በእኛ፣ መድረሻውን በእናንተ ሰዓት ነው የሚጽፈው። መንገዱ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል።»

ባለተሳቢው ስልኩን ዘግቶ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ሰዓት ጎረቤትም አይደለ፣ የዓለም ዳርቻም አይደለ። እሱ ከማለዳ እስከ ማታ መሪ ይዞ የሚውለው ነው። እንግዲያ በአንድ ቀን ትደርስ ነበር ማለት ነው? ይቆጣ ወይስ ይማራት፣ ግራ ገባው። ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ።

ልጅቱ ሻንጣዋን እየገፋች ወጣች። ጉንጩን ሳመችው፤ ክንዱን ግን አልለቀቀችም።

«አባዬ፣ ቤት ሳንገባ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ያኔ ልመጣ ነው ብዬ ስደውልልህ ‹አትደርሺም፣ ተይው› ያልከኝ ምን አድርጌህ ነው? ፊቴን ማየት ጠልተህ ነው እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ሳለቅስ ከረምኩ።»

ባለተሳቢው ያን ጊዜ ትዝ አለው። ብሏታል። ብሏት ስልኩን ዘግቶ እናቷን ሊቀብር ሄዷል።

«ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሉኝ» አለ ዓይኗን ማየት አቅቶት፣ «አሥራ አምስት ቀን ይፈጅባታል ብዬ ነው። በመኪና አስቤው ነው፣ ልጄ።»