ለእትዬ መቀስ የሚሆን ቤት

የነርሷ እናት አንድ ፎቅ ላይ የማታውቀውን ሰው በር እያንኳኳች ነበር። ነርሷ ከኮሪደሩ ጫፍ ሮጣ ስትደርስ በሩ በጣት ስፋት ተከፈተ።

"ማንን ፈለጉ?" አለ የአንድ ወጣት ድምፅ።

"የምናየው ቤት መስሎኝ ነው፤ ይቅርታ ልጄ።"

በሩ ተዘጋ። ልጄ ብትለው መልሱ ቁልፍ መቆለፍ ሆነ!

"እማዬ፣ ብቻሽን አትውጪ አላልኩሽም?"

"ልሞክረው ብዬ ነዋ! ዓይኔ እንደሆነ ከድቶኛል፤ እጄን ባምነው በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።"

ቤቱን ሊያሳያቸው የመጣው ደላላ ሳቀ። "ይለምዱታል እማማ። ሲስተር፣ ሊፍት አለ፣ ውኃ አይቋረጥም፣ ለሥራሽም ቅርብ ነው። ምን ጎደለ?"

ነርሷ "ምንም" ልትል ነበር። አከራያቸው ቤቱን ሸጦባቸዋል፤ ወሩ ሳያልቅ መልቀቅ አለባቸው። እሷ ሆስፒታል ስትውል እናቷ ብቻዋን ናት። ደህና ቤት ያስፈልጋቸዋል፤ ግን ደህና ቤት ማለት ሊፍትና ቧንቧ ነው ብሎ የፈረደው ማን ነው? እዚህ እናቷ እንደ ሻንጣ አንድ ጥግ ተቀምጣ ልትውል ነው።

"የታችኛውን ሰፈርም አሳየን" አለች።

ደላላው ፊቱን አጨፈገገ። "ያደግሽበት አይደል? ምኑን ላሳይሽ?"

እውነቱን ነው፤ ታውቀዋለች። ቢሆንም ከአስፋልቱ ወርደው ወደ ቅያሱ ሲታጠፉ የእናቷን እጅ እንደያዘች ቆም ብላ ዙሪያውን ቃኘች። ግማሹ ፈርሷል፤ የቀረው ቆርቆሮ ዝጓል። ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ እዚህ መታጠፊያ ላይ የእናቷ የስፌት መኪና ሲንጣጣ ይሰማት ነበር። መኪናው ዝም ካለ እናቷ ጨርቅ ልትገዛ ወጥታለች ማለት ነው፤ ያኔ ያገኘችው ጎረቤት ቤት ገብታ ትበላለች። ማንን ፈለግሽ ያላት አልነበረም።

እናቷ እጇን አስለቅቃ ቀደመች።

"ኧረ እትዬ መቀስ!" የሰፈሩ ጫማ ሰፊ በልብስ ሰፊነቷ ዘመን በወጣላት ስም ጠርቶ ከተቀመጠበት ጮኸ። "ቀኝሽን ያዢ! ቦይ ቆፍረው እንደ መቃብር ከፍተውት ሄደዋል!"

"አንተ ቀጣፊ፣ አልሞትክም እንዴ?"

"የሰፋሽልኝ ሱሪ ሳያልቅ የት እሄዳለሁ!"

እናቷ እየሳቀች ወደ ቀኝ ያዘች። የጫማ ሰፊው ድምፅ ሲርቅ ከመስኮት አንዲት ሴት ተቀበለቻት፦ "ደረጃው ተሰብሯል፤ እግርሽን ዝቅ! እሰይ የኔ እመቤት!" እናቷ ዱላ አልያዘችም፤ ግን አንዱ ለሌላው እያቀበለ ያስኬዳታል። ነርሷ እናቷ እንዲህ ደረቷን ነፍታ ስትራመድ ካየች ስንት ጊዜዋ!

የሚከራየው ቤት ቦዩን ተሻግሮ ነው።

"ሲስተር፣ በኋላ እንዳትወቅሺኝ" አለ ደላላው። "ጣሪያው ያፈሳል። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ውኃውም በፈረቃ ነው።"

"ቆርቆሮውን አስቀይራለሁ፤ ውኃ አጠራቅማለሁ። ለፎቁ ሌላ ሰው ፈልግለት።"

እናቷ ቦዩ ላይ የተጋደመውን ሳንቃ በእግሯ ዳሰሰች። ነርሷ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች። ከዚያ መለሰችና ኪሷ ከተተችው፤ እናቷ እስክትሻገርም ቆማ ጠበቀች።