ግራኙ ወይስ ዝምተኛው

አቶ መርዕድ ቤዝቦልን የለመዱት ሜዳ ገብተው አይደለም፤ ዋሽንግተን ናሽናል ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራ ሲጠብቁ ከሬዲዮ ነው። "መጠበቅ ለለመደ ሰው የሚሆን ጨዋታ ነው" ይሉ ነበር። አብዛኛው መቆም ነው፤ ከዚያ አንዱ ብድግ ብሎ ኳሷን በዱላ መትቶ ከአጥር ውጭ ይልካታል፤ ያ ሆምራን ይባላል፤ ሕዝቡ ይጮኻል። የፈረንጆቹን ስም መያዝ ስላልሆነላቸው ለተጫዋቾቹ የራሳቸውን ስም አወጡላቸው። ከከተማው ቡድን ታሪክ ሁለት ሰዎችን ግን ከሁሉም አስበልጠው ያዙ፤ ግራኙንና ዝምተኛውን።

ጠቡም ከዚህ መጣ። ለእሳቸው ግራኙን የሚያህል ሆምራን መቺ በዚያ ቡድን አልታየም፤ ቡድኑ ሊሸነፍ ሲል ነዋ የሚመታው። ለልጃቸው ለኡራኤል ደግሞ ዝምተኛው ነው፤ ብዙ የመታው እሱ ነው፤ ቁጥር አይዋሽም። እናቱ ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ "ሽማግሌው፣ ተሳስተሃል" ብሎ ይልካል፤ አባት አሌክሳንድሪያ ሆነው በአንድ ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ ይመልሳሉ። እህቱ ዮዲ አንድም ጨዋታ እስከ መጨረሻው አይታ አታውቅም። ግን በጭቅጭቃቸው ትስቅ ነበር፤ መዋደዳቸውን በአፋቸው መናገር ያቃታቸው ሁለት ወንዶች መሆናቸው ገብቷታል።

አቶ መርዕድ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ኡራኤል በመኪና አደጋ ሞተ።

ዘመድ ሁሉ ዮዲ ቤት ተሰበሰበ። የአባቷ የታክሲ ባልንጀራ አቶ ኃይለልዑል እንደ ታላቅነታቸው ነገሩን ቆረጡት።

"መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሆስፒታል አልጋ ላይም አይነገርም። ልቡ ሳይጠገን ልቡን አንሰብርም። ሰርጀሪው ይለፍ፣ ቤቱ ይግባ፣ ያኔ በማለዳ ሄደን እናረዳዋለን።"

"ቢጠይቀኝስ ጋሼ?" አለች ዮዲ። "እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉታል?"

"ለሥራ ቴክሳስ ሄደ በይዋ። ናይት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል፣ ስልክ አያነሳም። ቴክስ ካደረገለት አንቺ መልሺለት። ስልኩ አንቺ ጋ አይደል?"

እሷ ጋ ነበር። ጠርዙ ላይ ትንሽ ከመሰንጠቁ በቀር ምንም አልሆነም፤ ሰው ሞቶ ስልክ ይተርፋል። ወንድሟን አባቷ ሳይኖሩ ቀበሩት። አባት ልጁን አፈር ሳያለብስ መቅረቱ ዮዲን ከሞቱ ባልተናነሰ አንገበገባት። ቢሆንም አንድ አባት ነው የቀራት፤ እሱንም እንዳታጣ ፈራች። ከቀብር መልስ ቁጭ ብላ የወንድሟን የድሮ መልእክቶች እያነበበች፣ አነጋገሩን እየቀዳች፣ በሞተ ሰው ስም መጻፍ ጀመረች።

የቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች የኡራኤል ስልክ ጮኸ።

"እንግዲህ ልገባ ነው። ከመግባቴ በፊት ልንገርህ፤ ከግራኙ የሚበልጥ የለም።"

ዮዲ "ሽማግሌው፣ ተሳስተሃል" ብላ ጻፈች። አየችው፤ አጠፋችው። ቢላ ሥር ሊገባ ያለን ሰው እንዴት ይሟገቱታል? እንባዋን እየጠረገች "ልክ ነህ አባዬ። ግራኙ ይበልጣል" ብላ ላከች። ደስ ብሎት ይግባ አለች በሆዷ። መልስ አልመጣም።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። አቶ መርዕድ ቤታቸው ገቡ፤ መራመድም ጀመሩ። ስለ ኡራኤል ግን ከዚያ ወዲያ ጠይቀው አያውቁም። ዮዲ ድካሙ ነው ብላ ለራሷ ነገረች፤ እውነት ለመናገር ውሸቱ ስለቀለላት ተገላገለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል።

በመርዶው ቀን አቶ ኃይለልዑል፣ ቄሱ፣ አክስቷ ዓባይነሽና ዮዲ ሳይነጋጋ አፓርትመንቱ ደረሱ። አቶ ኃይለልዑል ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። አቶ መርዕድ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ደንብ አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል።

"ግቡ" አሉ። "በየማለዳው ስጠብቃችሁ ነው የሰነበትኩት።"

አቶ ኃይለልዑል ያነሱትን እጃቸውን አወረዱ። "ማን ነገረህ መርዕድ?"

አባት ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ኡራኤል አንድም ቀን ተረትቶልኝ አያውቅም።"

ዮዲ እግራቸው ላይ ወደቀች። "ደስ እንዲልህ ብዬ ነው አባዬ። ይቅር በለኝ።"

"ገብቶኛል። የልጄን ሞት ይዤ ነው ቢላው ሥር የገባሁት።" ፀጉሯን ዳሰሱት። "አንቺ ብቻሽን እንዳትቀሪ ብዬ ተነሳሁ። በይ አሁን፣ የት እንዳስተኛችሁት ንገሪኝ።"

ያኔ ዓባይነሽ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ለቅሶውም ተጀመረ።

ቀን ላይ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ በዮዲ ቦርሳ ውስጥ የኡራኤል ስልክ ጮኸ። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ከፈተችው።

"ልክ ነህ ልጄ። ዝምተኛው ይበልጣል።"

በበሩ በኩል ወደ ውስጥ አየች። አባቷ ከሽማግሌዎቹ መሐል ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀርቅረዋል፤ አንገታቸውን ቀና አላደረጉም። ስልኩን አጥፍታ ገባችና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።